እንቁላሉ ምን ሥራ ነበረው?

ባለፈው ቅዳሜ በሰፈራችን የእድር አዳራሽ፣ ሥጋና እንቁላል ስለማይገባበት የህንድ ሩዝና ኬክ አሠራር ለጎረቤቶቼ የተናገርኩት ነው። መምጣት ያልቻሉ ሰዎች «ጻፊልን» ስላሉኝ ጻፍኩት። መጠኖቹን ብቻ ለማንበብ እንዲመች አስተካክያለሁ።

እንደምን ዋላችሁ። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። የቅዳሜ ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ድስቱ ውስጥ ያለው የሎሚ ሩዝ ነው። ትሪው ላይ ደግሞ ሁለት ኬክ አለ። ሁለቱም እንቁላል አልገባባቸውም። ነጩ ግን እርጎ አለበት፤ ጥቁሩ የለበትም። ይህቺን ልዩነት ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስባታለን።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ሰባት ዓመት ዱባይ ሰው ቤት ሠርቼ ነው የመጣሁት። ማእድ ቤት ውስጥ አብራኝ የምትሠራ አንዲት ህንዳዊት ነበረች። ዋናዋ ወጥ ሠሪ እሷ ናት። የመጣችው ከደቡብ ህንድ ነው፤ ታሚል ናዱ ከሚባለው ግዛት፣ ማዱራይ ከምትባል ከተማ አጠገብ። በዕድሜ በጣም ትበልጠኛለች። በስሟ መጥራት ከበደኝና «ምን ልበልሽ?» አልኳት። «አካ በይኝ» አለች። አካ በታሚል ቋንቋ ታላቅ እህት ማለት ነው። ልክ እንደ እኛ እትዬ።

አካ ሥጋ ቀምሳ አታውቅም። ዓሣም፣ እንቁላልም። እናቷም አያቷም እንደዚያው ነበሩ። እኔ ደግሞ ረቡዕና ዓርብን እጾማለሁ፤ ዐቢይ ጾምን ሙሉውን። ለቤቱ ሰዎች በጉን ዶሮውን ሠርተን ካቀረብን በኋላ ነው የእኛ ምሳ የሚመጣው። መጀመሪያ ሰሞን እሷም ለብቻዋ፣ እኔም ለብቻዬ እንሠራ ነበር። አንድ ዓርብ ቀን ሩዝ በሎሚ ሠርታ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። በተሰባበረ ዓረብኛ «ቅቤ አለው?» አልኳት። የለውም አለች። «ወተትስ?» የለውም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ድስታችን አንድ ሆነ። ዛሬ የምነግራችሁ ከዚያ ድስት የተማርኩትን ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ፤ ገበያ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። እኛ «የጾም ነው» ስንል ሥጋም፣ ወተትም፣ ቅቤም፣ እንቁላልም የለም ማለታችን ነው። ህንድ ውስጥ «ቬጀቴሪያን» ሲባል ግን መስመሩ ሌላ ቦታ ነው የተሰመረው። ወተት፣ እርጎ፣ ቅቤ ይበላል። እንቁላል ግን ከሥጋ ጋር ነው የሚቆጠረው። የሀገሪቱ ሕግ ራሱ እንዲህ ነው የሚለየው። የታሸገ የህንድ ምግብ ስትገዙ ማሸጊያው ላይ አረንጓዴ ካሬ፣ በውስጡ አረንጓዴ ነጥብ ታያላችሁ። ቬጀቴሪያን ነው ማለት ነው። ወተት ግን ሊኖርበት ይችላል፤ ብዙ ጊዜም አለበት። ስለዚህ አረንጓዴ ነጥብ ያለበትን ብስኩት «የጾም ነው» ብላችሁ ለልጅ እንዳትሰጡ። ከኋላ ያለውን ዝርዝር አንብቡ።

ይህ የጥቂት ሰዎች ልማድ አይደለም። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማእከል በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ ከህንድ አዋቂዎች 39 በመቶው ቬጀቴሪያን ነን ብለዋል። ሥጋን በቀንም ሆነ በዓይነት የሚገድቡት ሲጨመሩ ደግሞ ከ10 ሰው 8 ይደርሳሉ። እንግዲህ አስቡት፤ ልጅሽ ልደት አላት፣ ሠላሳ ልጅ ጠርተሻል፣ ኬኩ እንቁላል ካለበት ስንቱ ልጅ ቆሞ ሊያይ ነው? ለዚህ ነው በህንድ ከተሞች ኬክ ቤት ገብተሽ «እንቁላል የሌለበት» ብለሽ ብትጠይቂ ማንም የማይገረመው። በየቤቱም እናቶች እንቁላል የሌለበት ኬክ መጋገርን ጥሩ አድርገው ያውቁበታል።

ወደ ሩዙ ልግባ።

እኛ ሩዝን እንደ አንድ ነገር ነው የምናየው። ሩዝ ሩዝ ነው። አካ ግን ሩዝ ስትገዛ እኛ ጤፍ ስንገዛ እንደምንጠነቀቀው ነበር። ማኛ ነው? ሠርገኛ ነው? እንደምንለው። ረጅሙና ሽታው የሚያውደው ባስማቲ የሰሜኑ ነው፤ ከሂማላያ ተራሮች ግርጌ ባለው ሜዳ ይበቅላል። ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በህንድ ሕግ ባስማቲ ተብሎ ሊሸጥ የሚችለው በታወቁ የሰሜን አካባቢዎች የበቀለ ብቻ ነው፤ ፑንጃብ፣ ሃርያና እና አጎራባቾቻቸው። ደቡቡ ደግሞ ለየዕለቱ አጠር ያለውን ይመርጣል፤ ሶና ማሱሪ፣ ፖኒ የሚባሉትን። አካ ባስማቲን የእንግዳ ሩዝ ነበር የምትለው። «ለራሴ ፖኒ ስጪኝ» ትላለች። ከቅመም ጋር የሚዋሃደውና ሆድ የሚሞላው እሱ ነው ባይ ናት። እኔም አሁን ለተነጣጠለ ሩዝ ባስማቲ፣ ለስላሳ ለሚሆነው ደግሞ የእኛኑ የፎገራ ሩዝ እጠቀማለሁ። በጣም ይስማማኛል።

ባስማቲውን ውሃው እስኪጠራ ሦስት አራት ጊዜ እጠቡት። ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉት። መዘፍዘፉን አትዝለሉት። ፍሬው ቀድሞ ውሃ ከጠጣ ድስት ውስጥ አይሰበርም፣ ውስጡም ውጪውም እኩል ይበስላል።

እዚህ ላይ አዲስ አበባ እንደገባሁ ያጋጠመኝን ልንገራችሁ። ዱባይ ላይ ለአንድ ኩባያ የተዘፈዘፈ ባስማቲ አንድ ተኩል ኩባያ ውሃ ነበር ልኩ። ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምሠራው። እዚህ በዚያው ልክ ስሠራ ሩዙ መሃሉ ጥሬ ሆነ። ደገምኩት፤ ያው። ሩዙን ጠረጠርኩ፣ ድስቱን ጠረጠርኩ። ነገሩ ከፍታው ነው። ዱባይ ባሕር ጠረፍ ላይ ናት፤ ውሃ በ100 ዲግሪ ነው የሚፈላው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ይንተከተካል እንጂ ሙቀቱ ያንሳል። ስለዚህ ሩዙ ጊዜም ውሃም ይፈልጋል። አሁን የማደርገው እንደ ፓስታ ነው። ብዙ ውሃ አፈላለሁ፣ ጨው እጨምራለሁ፣ የተዘፈዘፈውን ሩዝ እከታለሁ፣ ፍሬውን በጣት ጨምቄ ልቡ ሲለሰልስ አጠልለዋለሁ። ከዚያ ክዳኑን ከድኜ በራሱ እንፋሎት አሥር ደቂቃ አሳርፈዋለሁ። ተበላሽቶብኝ አያውቅም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሥጋ የሌለው፣ ሽንኩርት እንኳ የማይገባበት ሩዝ ጣዕሙን ከየት ያመጣል?

በሰሜኑ ታድካ ይሉታል። አካ በታሚል ታሊፑ ትለዋለች። ዘይት ወይም ንጥር ቅቤ በትንሽ መጥበሻ ይግላል፣ ያልተፈጨ ቅመም ይገባበታል፣ ሲፈነዳና ሲያወድ ምግቡ ላይ ይፈስሳል። ይኼው ነው። ግን አስተውሉ። እኛ ወጥ ስንሠራ ቁሌቱን እናስቀድማለን፤ ሽንኩርቱ ይቁላላል፣ በርበሬው ይገባል፣ ከዚያ ነው ሌላው። መጨረሻ ላይ ደግሞ መከለሻ ጣል እናደርጋለን። ታድካ ብዙ ጊዜ የሚመጣው መከለሻችን በሚመጣበት ሰዓት ነው። ልዩነቱ በጋለ ዘይት ውስጥ ሆኖ መምጣቱ ነው። የእርድ ቀለም፣ የከሙን ሽታ በውሃ በደንብ አይወጣም፤ በዘይት ይወጣል። ዘይቱ ተሸክሞት እያንዳንዷ ፍሬ ጋ ያደርሰዋል።

ቅደም ተከተሉ ትልቅ ነገር ነው። አካ ዘይቱ ሳይግል ሰናፍጭ ስከት ካየች እጄን ትይዘኝ ነበር። ሰናፍጩ ጠብ ጠብ ብሎ ካልፈነዳ ይመራል። ቀጥሎ የሽምብራ ክኩ፣ ቀጥሎ ደረቅ ቃሪያው፣ የካሪ ቅጠሉ፣ መጨረሻ ላይ እርዱ። እርድ ቀድሞ ከገባ ያራል። ሁሉም የራሱ ሰዓት አለው።

የሎሚ ሩዙን እንዲህ ሥሩት። ለአራት ሰው ሁለት ኩባያ ሩዝ ቀቅላችሁ ሰፊ ትሪ ላይ ዘርጉትና ይቀዝቅዝ። ትኩስ ሩዝ ሲያማስሉት ይፈርሳል። በመጥበሻ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት አግሉ። አንድ የሻይ ማንኪያ የሰናፍጭ ፍሬ። ሲፈነዳ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሽምብራ ክክ፤ ሩብ ሰዓት ዘፍዝፋችሁ ካደረቃችሁት ጥርስ አይሰብርም። እጅ ሙሉ ኦቾሎኒ። ሁለቱም ወርቅማ ሲሆኑ ሁለት ደረቅ ቃሪያ፣ አንድ የተሰነጠቀ እርጥብ ቃሪያ፣ በደቃቁ የተከተፈ ዝንጅብል። ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ። ጨው። አሁን እሳቱን አጥፉ። ሎሚው የሚጨመረው እሳቱ ከጠፋ በኋላ ነው። ሎሚ እሳት ላይ ከቆየ መዓዛው ይጠፋል፣ ምሬትም ያመጣል። የእኛ ሎሚ ትንንሽ ስለሆነ አራት ይበቃል። ሩዙን ጨምራችሁ በቀስታ አዋህዱት። ሩብ ሰዓት ይረፍ። ወዲያው ሲበላና ሲያርፍ ጣዕሙ አንድ አይደለም።

አካ የካሪ ቅጠል ትጨምርበት ነበር። እዚህ የህንድ ቅመም የሚሸጡ ጥቂት ሱቆች ያመጡታል፤ ካገኛችሁ ሰናፍጩ ከፈነዳ በኋላ አሥር ቅጠል ጣሉበት። ካላገኛችሁ ተዉት። በበሶብላ ልተካው ብዬ ሞክሬ ነበር፤ ሌላ ምግብ ነው የሆነው።

በተረፈ ሩዝ መሥራትም ይቻላል፤ ህንድ ውስጥም ብዙ ቤት ጠዋት ለልጆች ምሳ ዕቃ የሚሠራው ማታ ከተረፈው ነው። ግን እባካችሁ፣ የተቀቀለ ሩዝ ወጥ ቤት አሳድራችሁ አትብሉ። ሩዝ ላይ በመፍላት የማይሞት ጀርም አለ። ሩዙ ለብ ብሎ ሲያድር ይራባል፣ መርዙ ደግሞ ሲሞቅ አይጠፋም። የተረፈውን ቶሎ አቀዝቅዛችሁ ፍሪጅ አስገቡ።

ሎሚው ሁመር በሚባለው ኮምጣጣ ፍሬ ሲተካ ሌላ ምግብ ይወጣል። ታሚሎች ፑሊዮዳራይ፣ ጎረቤቶቻቸው ቴሉጉዎች ፑሊሆራ ይሉታል። በደቡብ ህንድ፣ ቪሽኑ በተባለው የሂንዱ አምላክ ቤተ መቅደሶች ለምእመናን ይታደላል። መንገደኛም ይዞት ይሄዳል፤ ኮምጣጣ ስለሆነ ቶሎ አይበላሽም። ድሬዳዋና ሐረር ያደጋችሁ ሁመርን በመጠጥነቱ ታውቁታላችሁ። ወፍራም አድርጋችሁ በጥብጡትና ዘይቱ ውስጥ እስኪጠብቅ አብስሉት፤ እንደ ሎሚ በጥሬው አይገባም። የእርጎ ሩዝም አለ። ሩዙ ደቀቅ ተደርጎ በእርጎ ይለወስና ሰናፍጭና ዝንጅብል ይፈስስበታል። የአካ ምሳ ሁልጊዜ የሚዘጋው በእሱ ነው። በሙቀት ቀን ሆድ ያሳርፋል። ለፍስክ ቀን ሞክሩት።

ኪችሪን ግን ዝም ብዬ አላልፈውም።

ኪችሪ ሩዝና የማሾ ክክ አብረው የሚቀቀሉበት ነው። ዋናው ነገሩ ይኸው ነው። ማሾን እናውቀዋለን፤ ሰሜን ሸዋና ወሎ ይበቅላል። ግን አብዛኛውን ለውጭ ገበያ እያልን ራሳችን ብዙም አንበላውም። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። በህንድ ኪችሪ ከሕፃን የመጀመሪያ ምግቦች አንዱ ነው። የታመመ ሰው ምግብም ነው። የሞሮኮው ተጓዥ ኢብን ባቱታ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ህንድን ሲጎበኝ፣ ሰዎች ማሾና ሩዝ ቀቅለው በቅቤ ለቁርስ እንደሚበሉ ጽፏል፤ ስሙንም «ኪሽሪ» ብሎ መዝግቦታል። ያኔ የነበረው ምግብ ዛሬም በዚያው ስም አለ። በኅዳር 2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኒው ዴልሂ ላይ በአንድ ድስት 918 ኪሎ ኪችሪ ተሠርቶ የዓለም ክብረ ወሰን ሆኖ ተመዝግቦ ነበር።

አንድ ኩባያ የፎገራ ሩዝ፣ አንድ ኩባያ የማሾ ክክ። አጥባችሁ በስድስት ኩባያ ውሃ፣ በትንሽ እርድና ዝንጅብል ቀቅሉት። እንደ ወፍራም ገንፎ መሆን አለበት፤ አትፍሩት። ሲለሰልስ ጨው። በሌላ መጥበሻ ዘይት አግላችሁ አንድ የሻይ ማንኪያ የከሙን ፍሬና ጥቂት ቁንዶ በርበሬ ጣሉና ከላይ አፍሱበት። አካ በፍስክ ቀን በቅቤ ታደርገዋለች። የህንዶች ንጥር ቅቤ ግን እንደ እኛ ኮሰረትና ኮረሪማ የለበትም፤ ቅቤው ብቻ ነው። በሀገራችን ንጥር ከሠራችሁት ጣዕሙ ወደ ወጥ ይሄዳል። ይጣፍጣል፣ ኪችሪ ግን አይሆንም። ሩዝና ጥራጥሬ አንድ ላይ ሲበሉ ደግሞ አንዱ የጎደለውን ፕሮቲን ሌላው ይሞላል። ሥጋ ለማይበላ ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

በጥር ወር፣ የእኛ ጥምቀት ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ታሚሎች ፖንጋል የሚባል የመከር በዓል አላቸው። ቃሉ ራሱ «ገንፍሎ ፈሰሰ» እንደማለት ነው። አዲስ ሩዝ በወተት ይፈላል፣ ከድስቱ አፍ ሲገነፍል ቤተሰቡ በሙሉ «ፖንጋሎ ፖንጋል!» እያለ ይጮኻል። ዓመቱ እንዲሁ ሞልቶ ይፍሰስ ማለታቸው ነው። ከዚያ ማሾ ክክ፣ ከሸንኮራ የተሠራ ጥቁር ስኳር፣ ሄል፣ ካሹና ዘቢብ ይገባበታል። አካ ከቤቷ ርቃ ሰባቱንም ዓመት ጎህ ሲቀድ ተነሥታ ታፈላው ነበር። ሁለታችን ብቻ ነን፣ የቤቱ ሰዎች ተኝተዋል። ሲገነፍል መጮህ አይቻልም። በሹክሹክታ «ፖንጋሎ ፖንጋል» ትላለች፤ እኔም ከእሷ ጋር። ዓይኗ እንባ ይሞላል። እኔም የሰው ሀገር በዓል ምን እንደሆነ ስለማውቅ ዝም ብዬ እጇን እይዛለሁ።

እሺ፣ ኬክ።

አንድ ጊዜ ማዳም የህንድ እንግዶች ይመጡብኛል አለች። ልጃቸው ልደት ነው። እንቁላል የሌለበት ኬክ ይሠራ። ቤቱ ያለው የኬክ አሠራር አራት እንቁላል የሚጠይቅ ነው። እኔ «እንቁላሉን እንተወውና ሌላውን እንዳለ እንሥራው» አልኳት። አካ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። «እንቁላሉ ምን ሥራ ነበረው?» አለችኝ። ሥራ የነበረው ሰው ሲቀር ሥራው አብሮ አይቀርም፤ ሌላ ሰው መሥራት አለበት። እሷ ያለችው ይህንኑ ነው። ከዚያ ወዲህ ምንም ነገር ከምግብ ውስጥ ሳወጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ነው።

እንቁላል ኬክ ውስጥ አራት ሥራ ይሠራል። ሲበስል ይጠነክርና ኬኩን ያቆመዋል። ሲመታ አየር ይይዝና ያነሣዋል። ትልቁ ክፍሉ ውሃ ስለሆነ ያርሰዋል። አስኳሉ ደግሞ ዘይትና ውሃን ያስማማል። እንግዲህ ለአራቱም ሠራተኛ ፈልጉ።

እርጎ ሁለት ሦስቱን ይሸፍናል። ያርሳል፣ ቅባት አለው፣ ኮምጣጣነቱ ደግሞ ቤኪንግ ሶዳን ሲያገኝ አረፋ ይሠራል። ነጩ ኬክ እሱ ነው። አንድ ኩባያ እርጎና ሦስት ሩብ ኩባያ ስኳር እስኪሟሟ ምቱ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳና አንድ ከሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ጨምራችሁ አምስት ደቂቃ ተዉት። ሲያረፋ ታያላችሁ። ግማሽ ኩባያ ዘይትና ቫኒላ። ከዚያ አንድ ተኩል ኩባያ ፉርኖ ዱቄት በወንፊት ነፍታችሁ በሁለት ሦስት ጊዜ አስገቡ። ዱቄቱ እንደጠፋ ማማሰሉን አቁሙ። ይህን ደጋግሜ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ዱቄት ሲመታ እንደ ዳቦ ሊጥ ይሳባል። እንቁላል ያለበት ኬክ ትንሽ ይቋቋመዋል፤ የሌለበት ግን ሙጫ ይሆናል። ቀድሞ በሞቀ ኦቭን በ180 ዲግሪ ከ35 እስከ 40 ደቂቃ። ሳትዘገዩ አስገቡት፤ አረፋው እናንተን አይጠብቅም።

ጥቁሩ የጾም ኬክ ነው። እርጎ የለም፣ ወተት የለም። የእርጎውን ኮምጣጣነት አቼቶ ይተካዋል። አንድ ተኩል ኩባያ ፉርኖ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ስኳር፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ካካዎ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አንድ ላይ ንፉ። አምስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶ፣ ቫኒላና አንድ ኩባያ ውሃ ጨምራችሁ በፍጥነት አዋህዱ። በዚያው ሙቀት ከ30 እስከ 35 ደቂቃ። አቼቶው ኬኩ ውስጥ አይቀመስም። ልጆች ከፍስኩ አይለዩትም።

ሦስተኛው ሠራተኛ ቤታችን ያለ ነው። ተልባ! አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በሦስት የሾርባ ማንኪያ ውሃ በጥብጣችሁ አሥር ደቂቃ ብትተዉት ልክ እንደ እንቁላል ይዝለገለጋል። አንድ እንቁላል ይተካል። የማያያዙን ሥራ ከሁሉም በላይ እሱ ይሠራዋል። ለብስኩትና ለሙዝ ኬክ ጥሩ ነው፤ ለነጭ ኬክ ግን ቀለሙን ያጠቁረዋል። የሽምብራ ቅቅል ውሃም አለ። እሱን እንደ እንቁላል ነጭ ሲመቱት አረፋ ይሠራል። ይህ የታወቀው በቅርቡ ነው፤ በ2014 እ.ኤ.አ. መጨረሻ አንድ ፈረንሳዊ ሞክሮት ነው የተስፋፋው። ሽምብራ ስትቀቅሉ ውሃውን ከመድፋታችሁ በፊት አስቡበት።

ኦቭን የሌላችሁ አትዘኑ። ህንድ ውስጥም ብዙ ቤት ኦቭን የለም። ወፍራም ብረት ድስት ውስጥ ጨው አንጥፈው፣ ማስቀመጫ አድርገው፣ የኬኩን ቅርጽ ላዩ ላይ ያስቀምጣሉ። ከድነው በለዘበ እሳት አርባ አምስት ደቂቃ ያህል ይጋግራሉ። በፕሬሸር ኩከር የሚጋግሩም አሉ፤ እነሱ ግን ጎማውንና ፉጨቱን አውጥተው ነው። እሱ ሳይወጣ እንዳትሞክሩት፣ አደጋ አለው። እኔ ብረት ድስቱን ነው የምመክረው።

የከፍታው ነገር ኬክ ላይም አለ። እንደመጣሁ ለእህቴ ልጅ ልደት የአካን ኬክ ጋገርኩ። በመስታወቱ አየዋለሁ፤ ተነሣ፣ ተነሣ፣ ከዚያ መሃሉ ሰመጠ። ልጅቷ ምንም አላለችም፤ እኔ ግን ሌሊቱን አልተኛሁም። እዚህ አየሩ ስስ ነው። አረፋው ከልክ በላይ ያብጥና ኬኩ ሳይጠነክር ይፈርሳል። አሁን ሶዳውንና ፓውደሩን በሩብ እቀንሳለሁ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ውሃ ወይም እርጎ እጨምራለሁ፣ ሙቀቱን ወደ 190 ከፍ አደርጋለሁ። ቅድም የነገርኳችሁ ልክ የባሕር ጠረፍ አገር ልክ ነው። አዲስ አበባ፣ ደብረ ብርሃን፣ ጎንደር ያላችሁ ይህን አስተካክሉ። ዱባይ ወይም ጅዳ ላሉ እህቶቻችሁ ስትልኩላቸው እንዳለ ላኩት።

ጥያቄ ካላችሁ…

(እማማ ከፊት ወንበር ጠየቁኝ። «ልጄ፣ ኬክ እየተበላ ጾም ነው ወይ?» አሉ። አዳራሹ ጸጥ አለ።)

እማማ፣ እርስዎ ያሉት ትክክል ነው፤ እኔም አስቤበታለሁ። ጾም ከምግብ መለየት ብቻ አይደለም። አምሮትን ሁሉ በጾም ስም እያሟላን ከሆነ ጾሙ የት አለ? ለራሴ በጾም ኬክ አልጋግርም። ለልጅ ግን እጋግራለሁ። የስድስት ዓመት ልጅ ልደቱ ሁዳዴ ውስጥ ስለዋለ ጾምን እንደ ቅጣት እንዲያየው አልፈልግም። የቀረውን እያንዳንዳችን ከንስሐ አባታችን ጋር እንነጋገር። ሩዙን ግን ያለ ሐሳብ ይብሉ፤ እሱ ምሳ ነው።

(አንድ ወጣት ጥቁሩ ኬክ በጤፍ ይሆናል ወይ አለኝ።)

ይሆናል። ግማሹን ፉርኖ፣ ግማሹን ጤፍ አድርገው። ሙሉውን ጤፍ ካደረግከው የሚያያይዘው ስለሚያንስ ይፈረፈራል፤ ያኔ ተልባዋን ጨምርበት። ካካዎና ጤፍ በጣም ይዋደዳሉ።

(መጨረሻ ላይ አካ አሁን የት እንዳለች የጠየቀችኝ ልጅ አለች።)

ሀገሯ ገብታለች። ማዱራይ አጠገብ ከልጇ ጋር ነው የምትኖረው። በድምፅ መልእክት እንገናኛለን፤ ዓረብኛችን አሁንም እንደተሰባበረ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ወደ ህንድ ለሕክምና የሚሄድ ሰው አግኝቼ ሁለት ኪሎ ሽሮ ላክሁላት። በስልክ አሠራሩን ነገርኳት። ከሳምንት በኋላ ፎቶ ላከችልኝ። ሽሮው ተንተክትኳል፤ ከላዩ ላይ የፈነዳ ሰናፍጭ፣ የካሪ ቅጠልና ደረቅ ቃሪያ በጋለ ዘይት ፈስሶበታል። እኔም ረቡዕ ዕለት እንደ እሷ አደረግኩት። ባለቤቴ ድስቱን በእንጀራ ጠረገው።

ሩዙ አርፏል፤ ሳህን ያልያዛችሁ ወደ ፊት ቅረቡ። ነጩ ኬክ ዛሬ ለሁላችንም ነው፤ ጥቁሩን ግን ቤት ላሉ ልጆች ቆራርጬ አሽጌላችኋለሁ።